ምሽግ ሳይሆን ገዳም ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እትማችሁ በፈረንሳይ ኖርማንዲ የባሕር ጠረፍ ባለ ዐለታማ ደሴት ላይ የቆመውን ሞን ሳን ሚሼልን «የፈረንሳይ የጦር ምሽግ» ብላችሁ ማለፋችሁ ቅር አሰኘኝ። የኖርማንዲው መስፍን ቀዳማዊ ሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ966 የቤኔዲክት መነኮሳትን ያስገባበት ገዳም እኮ ነው፤ የከተማው ቅጥር ኋላ የመጣ ነው። ዐለቱ ጫፉ ሹል ስለሆነ ግንበኞቹ ዙሪያውን ምድር ቤት ጸሎት ቤቶች ሠርተው ቤተ ክርስቲያኑን እነሱ ላይ አሳረፉት። መቅደሱ በ1421 ተደርምሶ እንደገና ተሠርቷል።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ትልቁ የእንጨት መንኮራኩር ነው። ገዳሙ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ወህኒ ቤት ሲሆን፣ እስረኞች ውስጡ ገብተው እየረገጡ ሲያሽከረክሩት ስንቁ በገመድ ሽቅብ ይጎተት ነበር። ወህኒው የተዘጋው በ1863 ነው። ስለዚህ ሁሉ በጽሑፋችሁ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አጣሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ