ገንቦው ሲያልበው

ሚጣዬ የኔ ሆድ እንዴት ሰነበትሽ፣ ትናንት በቪዲዮ ስትደውዪ ሳቄ አላስችል ብሎኝ በደንብ ሳልመልስልሽ ኔትወርኩ ተቆረጠ፣ በድምፅ ልልክልሽ ነበር ግን ስራ ቦታ ሆነሽ አትሰሚውም ብዬ ይኸው ቁጭ ብዬ በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ እየጻፍኩልሽ ነው፣ ፊደል ብገድፍ ይቅር በይኝ።

ሼልፉን ያረጠበብሽ ገንቦ አልተሰነጠቀም እሺ፣ አይዞሽ። አበባውን ከነውሃው ስለጨመርሽበት ነው። ይሄ ሸክላ እኮ እዛ ሱቅ እንደምታዪው ግሌዝ (ያ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ቅብ) የተቀባ አይደለም፣ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የተቃጠለ ሸክላ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው፣ ውሃውን ቀስ እያለ ወደ ውጭ ያሳልፈዋል፣ ያልበዋል እንላለን እኛ፣ ላቡ ሲተን ደሞ ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ጎንደር ፍሪጅ በሌለበት ዘመን የእንስራ ውሃ ጥርስ የሚያንገጫግጨው ለዚህ ነበር። እና አንቺ ዲኮር ብለሽ ያስቀመጥሽው ዕቃ ስራውን እየሰራ ነው ማለት ነው ሃሃ። ውስጡ ብርጭቆ አስገቢና አበባውን እሱ ላይ አድርጊው፣ ካልሆነም ደረቅ አበባ። ለአከራይሽ ሼልፍ ግን መድኃኒት የለኝም።

ሌላ ትልቅ ጥቁር ገንቦ ላኪልኝ ብለሽ ስትለምኝኝ መጀመሪያ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ፣ ሸክላ ለጌጥ ማስቀመጥ የፈረንጅ ነገር ነው አልኩሽ። ተሳስቼ ነበር። አክሱም ተቆፍረው ከወጡት ዕቃዎች መሀል እኮ አንገታቸው ላይ የሴት ፊት ከነፀጉሯ የተቀረፀባቸው ገንቦዎች አሉ፣ ውሃ መያዣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ፀጉር ይሰራለት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቀጨኔ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ሸክላ ሰሪዎቹ ሰፈር፣ ሄድኩልሽ። መንገድ ዳር ከተደረደረው አንስቼ ልመለስ ነበር ያሰብኩት፣ ከዛ ያቺ ጎረቤታችን (ታውቂያታለሽ፣ ሁሉም ቦታ ሰው አላት) የምታውቃት ሸክላ ሰሪ አለች ብላ ዳገቱን አስወጣችኝና አንድ ጊቢ አስገባችኝ፣ ጉልበቴን አትጠይቂኝ። ሴትዮዋ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ጭቃው ከተራራው ተቆፍሮ በጀርባ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ይወቀጣል ይነፋል ይዘፈዘፋል ከዛ በእግር ይረገጣል፣ ብቻውን ግን አይሆንም፣ አሸዋና ገል ተፈጭቶ ይገባበታል አለበለዚያ እሳት አይችልም። የሚሽከረከር ማሽን የሚባል የለም። ገንቦው ቁጭ ብሎ እሷ ናት የምትዞረው፣ ወገቧን አጉብጣ ወደ ኋላ እየተራመደች አንድ እጇ ከውስጥ አንድ እጇ ከውጭ እየሳበች ታሳድገዋለች፣ አፉ ላይ ስትደርስ እርጥብ የቆዳ ቁራጭ በሁለት ጣቷ ይዛ አንዴ ብቻ ዞረች፣ በቃ ከንፈር ወጣለት። እኔ በኮምፓስ እንኳን እንደዛ ክብ አላወጣም።

ያ የወደድሽው ማብረቅረቅ ደሞ ቀለም አይደለም። ሸክላው ጠንከር ሲል ግን ሳይደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ ቁጭ ብለሽ ሰዓታት። ድንጋዩን አሳየችኝ፣ ትንሽ ነው እንቁላል የሚያክል፣ አንዱ ጎኑ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ የእናቴ ነበር አለችኝ። እጄ ላይ ስታስቀምጠው ሞቅ ያለ ነበር፣ ከመዳፏ ስላልወጣ።

ከዛ ቃጠሎ። ዕቃው ተደርድሮ ኩበትና ጭራሮ ይለበስና ይለኮሳል፣ ከእሳት ሲወጣ ቀይ ነው፣ ጥቁር የሚሆነው ትኩስ እያለ የባህር ዛፍ ቅጠል ውስጥ ሲታፈንና ጭሱን ሲጠጣ ነው። እኔ ባለሁበት አንዱ ድስት ቧ ብሎ ፈነዳ፣ እኔ ደንግጬ ዘለልኩ እሷ ቀና እንኳን አላለችም፣ "አልደረቀም ነበር" ብቻ አለች። ስብርባሪውን ልጇ ለቅማ ወደ ጥግ ወሰደችው፣ ተፈጭቶ ለሚቀጥለው ጭቃ ይሆናል። በክረምት ደሞ ችግር ነው አለችኝ፣ ምንም አይደርቅም፣ ቤት ውስጥ አልጋ ስር ነው የሚያስቀምጡት።

ጋን ትሰሪያለሽ ወይ አልኳት። ሳቀች። ማን ያዛል አለች፣ ጠላው በፕላስቲክ በርሜል ሆኗል፣ አሁን የምትሰራው ጉልበት የማይደርስ ትንንሽ ጋን ነው፣ ለሆቴል ማሳመሪያ። ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ የሚለው ተረት እውነት ሆኖ አየሁት ልጄ።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ፣ ለዛም ነው በስልክ ያላወራሁሽ።

ልጅ ሆኜ፣ በ60ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ፣ እኛ ቤት ሸክላ የምታመጣ ሴትዮ ነበረች፣ ከወለቃ። ወለቃ ከጎንደር ወጣ እንዳልሽ ያለው የቤተ እስራኤሎች ሰፈር ነው፣ ያኔ ሰው ሌላ ስም ነበር የሚጠራቸው፣ አልጽፈውም። ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭ ሴቶቹ ሸክላ ሰሪ። ቅዳሜ አትመጣም፣ ሰንበቷ ነው። አያቴ ከእሷ ሌላ ከማንም አትገዛም፣ እንስራውን በጣቷ ጠቅ ጠቅ ታደርገውና ጆሮዋን ትሰጣለች፣ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፣ ድፍን ካለ ስንጥቅ አለው (አንቺም እንደዛ እያደረግሽ ግዢ)። ግን ሴትዮዋ ከአጥር በር አታልፍም። እኛ ልጆች ዓይኗን እንዳናይ ተነግሮናል፣ ቡዳ ናት፣ ማታ ጅብ ትሆናለች። እኔ ከበሩ ኋላ ተደብቄ አፈር እወረውርባት ነበር። ይኸው ተናገርኩት። በአፈር ነው፣ በድንጋይ አይደለም፣ ግን ወርውሬያለሁ።

እሷም ከኛ ዕቃ አትጠጣም ነበር፣ ሳንቲሙንም እጅ በእጅ አትቀበልም፣ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ነበር የምታስጥለን፣ የነሱም የመንፃት ሕግ አለ። ግን የሷ ለሃይማኖቷ ነው የኛ ንቀት ነው፣ አንድ አይደለም። የሚገርመው ያን ሁሉ ብለን ስናበቃ እሷ በእጇ ያበጀችውን እንስራ ከንፈራችን ላይ ደፍተን ውሃ እንጠጣለን። አፄ ምኒልክ እኮ በ1900 ሰው በሙያው እንዳይሰደብ ብለው አዋጅ አውጥተው ነበር፣ ከዛ 60 ምናምን ዓመት በኋላ ነው እኔ አፈር የምወረውረው። ግንቦት 83 ላይ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰድ እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ አውሮፕላኑን ስሰማ ያቺ ሴትዮ ትኑርበት አትኑርበት እያልኩ አስብ ነበር። ስሟን እንኳን አላውቀውም።

አምና ዋሽንግተን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ስትወስጂኝ ያቺ ኬንያ የተወለደችው ሸክላ ሰሪ የማግዳሊን ኦዱንዶ ገንቦ ፊት ቆሜ ዝም ያልኩት ደክሞኝ መስሎሽ ወንበር ፈለግሽልኝ። አልደከመኝም። ሆዱ የተነፋ አንገቱ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ፣ ግሌዝ የለው ስዕል የለው፣ ታሽቶ ታጥኖ የጠቆረ፣ የአያቴ በር ላይ የማውቀው ዕቃ ዘመድ ነው። አንቺ ደሞ ቀጥለሽ ናይጄሪያ ሄዳ አቡጃ ከነላዲ ክዋሊ፣ ከናይጄሪያ ሸክላ ሰሪዎች፣ እንደተማረች ነገርሽኝ፣ ከዛ ስልክሽን አውጥተሽ የናይጄሪያን 20 ናይራ አሳየሽኝ፣ ላዲ ክዋሊ ገንቦዋን ይዛ ብሩ ላይ። ሸክላ ሰሪ ሴት ብር ላይ! እኔ የሷን ሳንቲም ጣሳ ውስጥ ስጥል ነው የታየኝ።

ለዛ ነው መንገድ ዳር ካለው ሳልገዛ ዳገት የወጣሁት እንጂ ጥራት ፈልጌ ብቻ አይደለም። ቀጨኔም ያው ነው እኮ፣ ሴትዮዋ ራሷ ልጆቿ ትምህርት ቤት የእናታቸውን ስራ ደብቀው እንዳደጉ ነግራኛለች። ዋጋ ስትነግረኝ ከልማዴ ቀንሽ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፣ ዘጋሁት። ቡና አፍልታ ነበር፣ ሦስቱንም ጠጥቼ ተነሳሁ።

ገንቦው በሚቀጥለው ሳምንት በጎረቤታችን ልጅ እጅ ይመጣልሻል፣ በጋቢ ጠቅልዬዋለሁ፣ ሻንጣ ውስጥ አይገባም በእጁ ነው የሚይዘው፣ ጋቢውም ያንቺ ነው። አንድ ጎኑ ላይ ጭሱ ሳይደርስበት የቀረ ቀላ ያለ ቦታ አለ፣ ዞር አድርገሽ እንዳትደብቂው እሱ ነው የሚያምረው። አብሮ ጀበና አለ፣ እሱ ለሼልፍ አይደለም፣ መጀመሪያ በቡና አተላ ሁለት ሦስቴ አፍልተሽ ድፊው የጭቃ ሽታው እንዲለቅ።

ሴትዮዋ የት እንደሚቀመጥ ጠይቃኛለች፣ አሜሪካ ልጄ ቤት ስላት አላመነችኝም። ካስቀመጥሽው በኋላ ፎቶ አንሺው፣ በቀን ብርሃን ይሁን፣ ልጇ ቴሌግራም አላት ቁጥሩን ይዣለሁ።

እናትሽ