ዎክማንን የት ጣላችሁት?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ስልክና ሙዚቃ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። ሰው ሙዚቃውን ኪሱ ውስጥ ከቶ መዞር የጀመረው በ2001 በአይፖድ፣ በአፕል ኩባንያ የዲጂታል ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ነው ትላላችሁ። ኧረ በሕግ! እኔ ከዚያ በፊት ስንት ካሴት በእስክሪፕቶ አጠንጥኜ፣ ስንት ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነው በዎክማን፣ በዚያች ይዘዋት በሚዞሩት ትንሽ የካሴት ማጫወቻ፣ ያዳመጥኩት። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደናንተው በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የዎክማን ባለቤት የጃፓኑ ኩባንያ ሶኒ ነው። ማሳሩ ኢቡካና አኪዮ ሞሪታ በ1946 ቶኪዮ ውስጥ ሲመሠርቱት ስሙ ሌላ ነበር። ኢቡካ ገና ሲጀምር ከሞከራቸው ነገሮች አንዱ፣ ይገርማችኋል፣ የኤሌክትሪክ ሩዝ መቀቀያ ነው። ዕቃው ከእንጨት የተሠራ ነበር። ሩዙ አንዴ ጥሬ ይሆናል፣ አንዴ ገንፎ። ለገበያ ሳይበቃ ቀረ።

ሶኒ ሁሉንም ነገር ቀድሞ ሠራ እያልኩ አይደለም። የትራንዚስተር ሬዲዮን በ1954 ቀድመው ለገበያ ያወጡት አሜሪካኖች ናቸው። ሶኒ የራሱን ያወጣው በዓመቱ ነው። ያኔ ቡሎቫ የተባለው የአሜሪካ የሰዓት ኩባንያ 100,000 ሬዲዮ ልግዛችሁ አለ፤ ግን የኔ ስም ይለጠፍበት። ሞሪታ እምቢ አለ። ማንም የማያውቀው ድርጅት ይህን የሚያህል ትእዛዝ መመለሱ ለብዙዎች እብደት ነበር።

ዎክማን የወጣው ጁላይ 1 ቀን 1979 ነው፤ ዋጋው 33,000 የን። ድምፅ አይቀዳም። መቅጃ የሌለው ቴፕ ማን ይገዛል የሚል ክርክር እዚያው ድርጅቱ ውስጥ ነበር። እውነትም በመጀመሪያው ወር የተሸጠው 3,000 ገደማ ብቻ ነው። በኦገስት መጨረሻ ግን የተመረተው 30,000 በሙሉ አለቀ።

እኔ የምወደው ታሪክ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዎክማን የማዳመጫ መሰኪያው ሁለት ነበር። ሞሪታ ሰው ብቻውን ጆሮውን ደፍኖ መቀመጡ ነውር መስሎት ነው። ብርቱካንማ ቁልፍም ነበረው፤ ስትጫነው ሙዚቃው ዝቅ ይልና አብሮህ ከሚያዳምጠው ሰው ጋር ታወራለህ። የኛ ቤቱ መሰኪያው አንድ ብቻ ስለነበር እኔና እህቴ አንዱን ማዳመጫ ለሁለት ነበር የምንካፈለው፤ እሷ ቀኝ፣ እኔ ግራ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ድርጅት በአይፖድ እንዴት ተቀደመ? ጽሑፋችሁ ይህን ቢጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሶኒ በ1988 ሲቢኤስ ሬከርድስን ገዝቶ የሙዚቃ አሳታሚም ሆነ። በ1999 ካሴትም ሲዲም የማይፈልግ ዎክማን አወጣ፤ ከአይፖድ ሁለት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ግን ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያጠራቀመውን የኤምፒ3 ሙዚቃ ፋይል እንዳለ አይቀበልም ነበር። መጀመሪያ ወደ ሶኒ የራሱ ፎርማት መቀየር አለበት። እንደኔ እንደኔ፣ ዘፈን የሚሸጠው እጁ ማጫወቻ የሚሠራውን እጁን ያዘው።

በሚቀጥለው እትም ያቺን 2001 ብታርሟት ምን ይመስላችኋል?

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ