ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ጎመን ተባይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ርዕሱን ማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። ግን ግራጫዋ የእሳት ራት ስትታይ ወዲያው መድኃኒት ይረጭ የምትለዋ ምክር አላስቀምጥ አለችኝ።

የእሳት ራቷ ራሷ ቅጠል አትበላም። የአበባ ወለላ ነው የምትቀምሰው። ርዝመቷ አንድ ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ ክንፏን ስትሰበስብ ጀርባዋ ላይ ነጣ ያለ የአልማዝ ቅርጽ ተደርድሮ ይታያል፣ ዳይመንድባክ የሚሏትም ለዚሁ ነው። ጎመኑን የምትጨርሰው ከእንቁላሏ የምትፈለፈለው አረንጓዴዋ ትል ናት። ቅጠሉን ገልብጡት። ከሥር በኩል ትበላና የላይኛውን ስስ ሽፋን ትተወዋለች፤ ወደ ብርሃን ከፍ ስታደርጉት እንደ መስኮት ያሳልፋል። ነካ ስታደርጓት ወደ ኋላ ትወራጭና በሐር ክር ተንጠልጥላ ቁልቁል ትወርዳለች። ትንሽ ከታገሣችሁ በዚያችው ክር ተመልሳ ስትወጣ ታያላችሁ።

ምግቧን ደግሞ ጭራሽ አላነሳችሁትም። ዋናው ነገር እኮ እሱ ነው! የምትፈልገው የጎመን ዘመዶችን ነው፦ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ብሮኮሊ፣ ጎመን ዘር፣ ሰናፍጭ፣ ፍጅል። ሰናፍጭ ስንቀምስ አፍንጫችንን የሚሰነፍጠን ነገር ተክሉ ራሱን የሚከላከልበት ነው፤ ለብዙ ነፍሳት መርዝ ነው፣ እሷ ግን ያንኑ ጠረን ተከትላ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትሏም ሆዷ ውስጥ ባለ ኢንዛይም መርዙን ገና ሳይፈጠር ታከሽፈዋለች። እና ማሳው ዳር የበቀለው የዱር ሰናፍጭና ከምርት በኋላ የቀረው የጎመን ጉቶ ካልተነሳ፣ ቤቷ እንዳለ ነው።

መድኃኒቱን በጣም ለምዳዋለች። ዲዲቲን መቋቋሟ እ.ኤ.አ. በ1953 ተመዝግቧል፤ ከሰብል ተባዮች የመጀመሪያዋ ናት። ከባክቴሪያ የሚዘጋጀውን ቢቲንም ማሳ ላይ ቀድማ የተቋቋመችው እሷው ናት። ሙቀት ካለ በሁለትና በሦስት ሳምንት አዲስ ትውልድ ይተካል። አንዱን መድኃኒት ደጋግማችሁ ስትረጩ የሚሞቱት ደካሞቹ ናቸው፣ የሚባዙት የተረፉት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ትሏ ላይ እንቁላላቸውን የሚጥሉትና ያለ ክፍያ የሚሠሩልን ጥቃቅን ተርቦች አብረው ማለቃቸው ነው።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አንድ የተገለበጠ የጎመን ቅጠል ፎቶ አውጡ። መስኮቱ፣ ትሏና ተርቧ በደንብ እንዲታዩ አድርጋችሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ