ሎሚሽን እንዳትጥይው

እንደምን ሰነበትሽ የኔ ልጅ? ትናንት በስልክ «እማ፣ ይሄ ሎሚ መካን ነው፣ ልጥለው ነው» ስትዪኝ ከፋኝ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

መካን አይደለም። ጠግቦ ነው። ዩሪያ በውሃ እየበጠበጥሽ በየሁለት ሳምንቱ እንደምታጠጪው ነግረሽኛል። ዩሪያ እኮ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ሲበዛበት ዛፉ ቅጠል በቅጠል ይሆናል እንጂ ለአበባ ግድ አይሰጠውም። ያ እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያምራል» የሚልሽ ወፍራም ቅጠል ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ዩሪያውን ዛሬውኑ አቁሚ፤ ለጊዜው ምንም አትስጪው። በኋላ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ትንሽ ትንሽ ይበቃዋል። አመድ ጨምሪበት የሚልሽ ሰው ካለም እንዳትሰሚ፣ ሎሚ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው የሚወደው፣ አመድ ደግሞ ያንን ያጠፋበታል።

ባለፈው ኮዬ ፈጬ ስመጣ ሳሎን መጋረጃው ሥር ነበር። እዚያ አያፈራም። በረንዳ ላይ አውጪው፣ በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓታት ቀጥታ ፀሐይ ያግኝ፣ ከዚያ ወዲያ ወዲህ አታንከራትቺው።

የውሃውን ነገር ግን አደራ። የአባትሽን ብርቱካን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ በውሃ። እዚህ ሱሉልታ ክረምቱን ታውቂዋለሽ፤ ባልዲው ከሥሩ አልተበሳም ነበር፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ጠምቶት መስሎኝ ጨመርኩበት፣ ይብስ ሲረግፍ ደግሞ ጨመርኩበት፣ በመጨረሻ ስነቅለው ሥሩ በስብሶ ይሸት ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ። እርጥብ ከሆነ ተዪው። ደርቆ ካገኘሽው ከታች እስኪፈስ አጠጪው።

ግንዱ ላይ የተዳቀለበት ጠባሳ አለ አይደል? ከእሱ በታች የሚወጣውን እሾሃም ቅርንጫፍ ሁሉ ቁረጪው። ያ ያንቺ ሎሚ አይደለም፣ የተዳቀለበት ዛፍ ነው፤ ጉልበቱን ይመጠምጥበታል።

አበባ ሲይዝ አብዛኛው ይረግፋል፣ እንዳትደነግጪ። ፍሬውም ቢሆን ጎምዛዛ አረንጓዴ ሆኖ ወራት ይቆያል፤ ከአበባ እስከ ብስለት ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጃል፣ በእኛ ብርድ ሊዘገይም ይችላል። ሎሚ ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሲወርድ ማደጉን ያቆማል፤ የእኔው ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲወርድበት ዝም ብሎ ነው የሚቆመው። ንብ አራተኛ ፎቅ ድረስ ካልመጣችልሽም አታስቢ፣ በለስላሳ ብሩሽ አበባዎቹን ነካ ነካ አድርጊያቸው።

ቅዳሜ ሰፋ ያለ ባልዲ በስቼ፣ ፍግም ይዤ እመጣለሁ። ሥሩን አብረን እናየዋለን፤ ባልዲውን እየዞረ ተጠምጥሞ ከሆነ እናዛውረዋለን። እስከዚያ ግን ወደ በረንዳው አውጪልኝ።

እናትሽ