ለጭራቆቻችንም ጸሐፊና ሠዓሊ ያስፈልጋቸዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ጃፓን ባህላዊ ሥዕሎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ አንድ አንባቢ የሰጡትን አስተያየት ተመልክቻለሁ። ጸሐፊው፣ ጃፓናውያን «ዮካይ» የሚሏቸውን እንግዳ ፍጥረታት ሥሎ ለልጆች ማሳየት ርኩስ መንፈስን ማክበር ነው ብለዋል። ለሃይማኖታቸው ያላቸውን ቅናት አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ ከጃፓናውያን ልንቀስመው የሚገባን ቁም ነገር በዚህ ፍርድ ተሸፍኖ እንዳይቀር ስለምሰጋ ይህን ጻፍኩ።

በጃፓን ተረት ካፓ የሚባል የወንዝ ፍጥረት አለ። ኃይሉ አናቱ ላይ ባለው ጎድጓዳ ስፍራ በተቋጠረው ውኃ ነው፤ ስለዚህ ያገኘው ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ቢነሣው፣ ካፓም ሥርዓት አክባሪ ነውና አጸፋውን ሲመልስ ውኃው ይፈስና ይዝላል። ልጆችን ከጥልቅ ውኃ የሚያርቅ ተረት መሆኑን ለመረዳት በጎንደር ወንዞች፣ በአንገረብና በቀሃ ዳር ላደገ ሰው አያዳግትም።

ካፓ እስከ ዛሬ የኖረው ግን ሽማግሌ ስላወራለት ብቻ አይደለም። ሠዓሊው ቶሪያማ ሴኪየን በ1776 እ.ኤ.አ. እነዚህን ፍጥረታት እያንዳንዳቸውን ከነስማቸው ሥሎ በመጽሐፍ አሳተማቸው። የተረት ተመራማሪው ያናጊታ ኩኒዮም ቶኖ ከተባለ የጃፓን ገጠር ተወላጅ ያዳመጠውን ተረት ጽፎ በ1910 አወጣ። በ1846 ከባሕር ወጥታ «በሽታ ቢነሣ ሥዕሌን ለሰው አሳዩ» ብላለች የተባለችው አማቢዬ የተሰኘች ፍጥረት እንኳ በአንዲት ቅጠል ኅትመት ላይ ሰፍራ ስለቆየች፣ በ2020 የሀገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ስለ ኮሮና ባወጣው ማሳሰቢያ ላይ ሥዕሏን ተጠቅሞበታል።

በጎንደሩ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ዲያብሎስ በእሳት መካከል ተሥሏል። በብራና ክታቦቻችንም ቅዱስ ሱስንዮስ ፈረሱ ላይ ሆኖ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን በጦር ሲወጋት እናያለን። ሠዓሊውን ክፉን አከበረ ብሎ የከሰሰው ማን ነው?

የጎንደርን የዛር ሥርዓት በ1932 እ.ኤ.አ. እዚሁ ተቀምጦ የመዘገበው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ነው፤ የጻፈውም በራሱ ቋንቋ ነው። የእኛው ነገር በአብዛኛው በባዕድ ብዕር ተጠብቆ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

እርግጥ ነው፣ ተረት ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በጃፓን አንዳንድ አካባቢዎች የቀበሮ መንፈስ ያዝዛሉ የተባሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚያገባላቸው አጥተው ኖረዋል። በእኛም ዘንድ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቤተ እስራኤሉ «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እየተባሉ ተገልለዋል፤ ሰውም ተጎድቷል። ይህንን ስንጽፍ የተነገረውን ብቻ ሳይሆን በማን ላይ እንደተነገረና ምን እንዳስከተለ ጨምረን መጻፍ ይገባናል፤ አለበለዚያ የድሮውን በደል በአዲስ ወረቀት ማደስ ይሆናል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ አንድ ዓምድ እንዲከፍት እለምናለሁ። አንባቢዎች ከደምቢያ፣ ከወገራና ከጭልጋ የሰሙትን የጭራቅ፣ የአያ ጅቦና የውኃ ጋኔን ተረት፣ ተራኪው የየት አገር ሰው እንደሆነና በማን አንደበት እንደሰማው እየጠቀሱ ይላኩ፤ የከተማችን ወጣት ሠዓሊዎችም ይሣሉት። ፈቃዳችሁ ከሆነ፣ ከአያቴ የሰማሁትን የደምቢያ ጭራቅ ተረት ከተማሪዎቼ ሥዕል ጋር ለመጀመሪያው እትም አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሥነ ጥበብ መምህር፣ ከጎንደር