ጉዳዩ፦ ለተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል አባላትን ስለ መመዝገብ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች
ጎንደር

የአንደኛው መንፈቅ ዓመት የውጤት ካርድ በመጪው ዓርብ የሚሰጥ መሆኑን እያሳወቅን፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ወዳስገደደን ጉዳይ እናልፋለን።

ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ከላክናቸው የክበቡ የፈቃድ ቅጾች መካከል ተፈርመው የተመለሱት በአንድ እጅ ጣቶች የሚቆጠሩ ናቸው። ካልተፈረሙት አንዳንዶቹም «ልጄን የላክሁት ለትምህርት እንጂ ለቁፋሮ አይደለም» ተብሎ ተጽፎባቸው መጥተዋል። ቅሬታውን በአክብሮት ተመልክተነዋል፤ ልንስማማበት ግን አልቻልንም።

ዛሬ የክበቡ አባላት ከሞላ ጎደል የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ በሰኔ ተፈትነው ይሄዳሉ። ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ ቢሆንም የሚሞተው በበጋ ነው። በ8ኛ ክፍል የገባ ልጅ አንድ በጋ ብቻ ያጠጣል፤ በ5ኛ ክፍል የገባ ግን አራት በጋ ያጠጣል፤ ወይራን ለመሰለ ቀስ ብሎ ለሚያድግ ዛፍ ደግሞ ይህ ልዩነት የመጽደቅና የመድረቅ ልዩነት ነው። ቀደም ሲል ከአጥሩ ሥር የተከልናቸው ወይራዎች እንደ ጭራሮ ደርቀው የቀሩት፣ ሲያጠጧቸው የነበሩት ልጆች ወደ ሁለተኛ ደረጃ ስላለፉና ተተኪ ስላልነበራቸው ነው።

«የጥናት ጊዜ ይሻማል» የምትሉ ወላጆች እንደምትኖሩ እናውቃለን። ክበቡ የሚሰበሰበው በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ በዚያች ሰዓት ልጁ የወይራ ዘር ጠንካራ ቅርፊቱ ካልተሰነጠቀ ለምን ቶሎ እንደማይበቅል በእጁ ይዞ ይማራል፤ ይህ ትምህርት ካልሆነ ትምህርት የምንለው ምኑን ነው? «ወዴት ትወስዷቸዋላችሁ» የሚለውን ስጋት ግን ከሁሉም በላይ እንረዳዋለን። ስለዚህም ክበቡ በዚህ ዓመት ከግቢያችን አጥር አይወጣም፤ በቅጹ ላይ ጽፈነዋል፣ አሁንም እንደግመዋለን።

«ለልጅ ምን ያደርግለታል» ለሚለንም መልስ አለን። ቧንቧ ሲቋረጥ ጀሪካን ይዘን የምንሰለፈው እኛው ነን፤ ከተማችን የምትጠጣበት የአንገረብ ግድብ በደለል የሚሞላው ከበላዩ ያለው ተዳፋት በመራቆቱ ነው። ልጆቻችን ለብሔራዊ ቡድኑ «ዋልያዎቹ» እያሉ ይጮኻሉ፤ ዋልያ በዱር የሚኖረው በዓለም ላይ በእኛው በሰሜን ተራሮች ብቻ መሆኑን ስንጠይቃቸው ግን ያወቁት ጥቂቶች ነበሩ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገብቶ፣ ከዚያ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት የፈጀን ሥራ የሚረከብ ሰው በአንድ ክረምት አይገኝም።

ባለፈው ዓርብ አንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ከችግኝ ጣቢያው ሽቦ ውጭ ቆሞ፣ ታላላቆቹ ጥቁሩን ፕላስቲክ አፈር ሲሞሉ ሰዓቱን ሙሉ ሲመለከት ነበር። ለምን እንደማይገባ ስንጠይቀው «እማዬ አልፈረመችም» አለን። አላስገባነውም፤ ያለ ወላጅ ፊርማ ማንንም አናስገባም።

ቅጹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በድጋሚ ተያይዟል። ለመፈረም የምታመነቱ ወላጆች ዓርብ ካርድ ለመቀበል ስትመጡ፣ ከ9 ሰዓት ጀምሮ በችግኝ ጣቢያው እንጠብቃችኋለን።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር