ስለ መኝታ ክፍልሽ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጠዋት ጠዋት ከአልጋሽ ሳትወርጂ ማስነጠስ እንደሚጀምርሽና የለንደኑ ሐኪም መርምሮሽ «ደስት ማይት ነው» እንዳለሽ ከነገርሽን ጀምሮ፣ እናትሽ ትኋን ስለመሰላት እንቅልፍ አጥታለች። ትኋን አይደለም። ይህ የአቧራ ተባይ አይነክስም፣ ደምም አይመጥም፤ ቁመቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ፈልገሽም አታገኚውም። የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ሲሆን ምግቡ ከገላችን የሚረግፈው ቅርፊት ነው። የሚያስነጥስሽም በአብዛኛው ኩሱ ነው፤ በፍራሽና በትራስ ውስጥ ተከማችቶ ስትገላበጪ ይቦንና በአፍንጫሽ ይገባል።

የቤት አቧራ አለርጂ መነሻው ይህ ተባይ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የደረሱበት በሆላንድ የላይደን ከተማ ተመራማሪዎች፣ በእርጥብ ቤቶች ውስጥ በብዛት እንደሚገኝም አስተውለው ነበር። ውኃ አይጠጣም፤ የሚኖረው ከአየር እርጥበት እየሳበ ነው፤ የክፍሉ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ ደርቆ ይሞታል። በቪዲዮ ስንነጋገር ከአልጋሽ አጠገብ ባለው ማሞቂያ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ፣ የመስኮቱም መስታወት ላብ አውጥቶ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። መድኃኒት ከመርጨትሽ በፊት ያንን ልብስ ከመኝታ ክፍልሽ አውጪው፤ ብርድ ቢሆንም በየቀኑ ጥቂት መስኮት ክፈቺ። አልጋሽንም እንደ ተነሣሽ አታንጥፊው፣ ተገልጦ ይናፈስ፤ እናትሽ ይህን ስትሰማ እንደምትቆጣ አውቃለሁ።

አንሶላሽንና የትራስ ልብስሽን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ እጠቢ፤ ለብ ባለ ውኃ ማጠብ ኩሱን ቢያስለቅቅም ብዙዎቹ ተባዮች በሕይወት ይተርፋሉ። ጋቢሽ ግን በፈላ ውኃ እንዳይሰበሰብብሽ፣ በላስቲክ ጠቅልለሽ አንድ ቀን ሙሉ ፍሪዘር ውስጥ አቆዪውና ከዚያ በቀዝቃዛ እጠቢው፤ ብርዱ ተባዩን ይገድለዋል እንጂ ኩሱን አያስወግድም። እዚህ ፍራሽ አውጥተን ፀሐይ ላይ እንደምንሰጣው ማድረግ ስለማትችዪ፣ ዚፕ ያለው ጥብቅ የፍራሽና የትራስ ሽፋን ግዢ። ወለሉን ያለበሰውን ሞኬት አከራይሽ ቢያነሣልሽ ደስ ይለኛል፤ ተባዩ ክሩን ቆንጥጦ ስለሚይዝ የአቧራ መጥረጊያው ማሽን የላይ የላዩን ብቻ ነው የሚወስደው።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ሌሊት ደረትሽ ሲር ሲር ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ አስም ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ለሐኪሙ ንገሪው።

አባትሽ